በወተት ሳጥን ላይ ተቀምጠው ስለተያዙት አደገኛ ሽማግሌዎች

ብሮንክስ፣ ሃሎራን ጎዳና
እ.ኤ.አ. ኦገስት 19 ቀን 1996

ለክቡር ካፒቴን ጄራልድ ፊነርቲ
የሰፈራችን ፖሊስ ጣቢያ አዛዥ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎ እንደምን ሰንብቷል? በዚህ ሰው በሚያቀልጥ ሙቀት እርስዎም፣ ክብርት ባለቤትዎም፣ በቢሮዎ መስኮት ላይ የተገጠመው ያ ትልቁ የማቀዝቀዣ ማሽንም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ የሃሎራን ጎዳና ነዋሪዎች፣ ለእርስዎ ምስጋና ይግባዎትና፣ እጅግ በጣም ጸጥ ብለናል።

ፕሮቪደንሲያ አሮዮ ሳንታና እባላለሁ፤ ሰፈሩ በእኛ አገር አክብሮት ዶኛ ፕሮቪ ይለኛል። በአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ሃያ ስድስቱን ዓመት የሴት ካፖርት በሚሰፋበት ፋብሪካ ኮሌታ ስገጥም ቆይቼ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ አሁን የሕንፃችን የተከራዮች ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ጽሕፈት ቤትዎ ስሜን ማሽን ውስጥ አስገብቶ ጥፋት ሲፈልግብኝ እንዳይቸገር ብዬ ነው።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ሳምንት በሰፈራችን ጋዜጣ ላይ የወጣው ቃልዎ ነው። በራዳሜስ ሱቅ ላይ ስለደረሰው ዝርፊያ ሲጠየቁ፣ «ይህ ሰፈር አይቶ እንዳላየ ይሆናል፤ ሕዝቡ ካልተናገረ ፖሊስ ምን ሊያደርግ ይችላል?» ብለዋል። አንድ ጊዜ በመነጽር፣ አንድ ጊዜ ያለመነጽር አነበብኩት፤ ያው ነው። ዝምታችን ቅር ካሰኘዎት እነሆ ልናገር ነው፤ ደብዳቤው ከረዘመብዎት የጠየቁት እርስዎ መሆንዎን ያስታውሱልኝ።

በማርች ወር በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሰብስበውን ያደረጉልንን ንግግር ዛሬም አልረሳሁትም። አንድ መስኮት ተሰብሮ ሳይጠገን ከቆየ ሌሎቹም ይሰበራሉ፤ ግድግዳ የሚሞነጫጭረውን ዛሬ ዝም ካልነው ነገ ኪስ ያወልቃል፣ ከነገ ወዲያ ሰው ይገድላል አሉን። ነገሩ ለእኛም እንግዳ አልነበረም። በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ ብሎ እናቱን የወቀሰውን ሌባ የማያውቅ የለም፤ ሳይቃጠል በቅጠል እየተባልን ነው ያደግነው። እኔ ደግሞ የሙያዬ ነገር ሆኖ ትንሽ ቀዳዳ በጊዜ በመርፌ ካልተያዘች ካፖርቱ በሙሉ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ስለዚህ አጨበጨብኩ። ከፊት ረድፍ ላይ ስለነበርኩ ሳያዩኝ አልቀሩም፤ ባለ ሐምራዊ ባርኔጣዋ እኔ ነኝ።

እውነቱን ለመናገር ከዚያ ወዲህ ያገኘነው መልካም ነገር አለ። በባዶው ቦታ ላይ አራት ዓመት ቆሞ የዛገው የተቃጠለ መኪና በአንድ ጠዋት ተነሳልን። ደረጃችን ሥር እየመጣ ሽንቱን የሚሸናው ሰውዬ ሌላ ደረጃ ፈልጎ ሄደ። ማዕዘኑ ላይ የቆመው መብራትም በርቷል፤ አሁን ከገበያ ስመለስ የቤቴን ቁልፍ ቦርሳዬ ውስጥ በዳበሳ አልፈልግም። ለእነዚህ የማቀርበው ምስጋና ነጭ ምስጋና ነው። ከዚህ በታች በቁጥር የምዘረዝራቸው ምስጋናዎች ግን ትንሽ በርበሬ አላቸው፤ ሆድዎን የሚያምዎት ከሆነ ከወተት ጋር ያንብቧቸው።

አንደኛ፤ ስለ ወተት ካነሳን አይቀር፣ ስለ ወተት ሳጥኖቹ አመሰግናለሁ። ከራዳሜስ ሱቅ በር አምስት እርምጃ ራቅ ብለው አራት ጡረተኞች በየቀኑ ከምሳ በኋላ ዶሚኖ ይጫወቱ ነበር። ጠረጴዛቸው በበርሜል ላይ የተጋደመ ጣውላ ነበር፤ ወንበራቸውም ወተት የሚመጣበት የፕላስቲክ ሳጥን። ከአራቱ አንደኛውን ስማቸውን ደብቄ ዶን እከሌ እላቸዋለሁ፤ ለምን እንደደበቅሁ ወደ ታች ሲወርዱ ይገባዎታል። ስማቸውን ለማወቅ መርማሪዎችዎን ቢያሰማሩም አልቀየምም፤ አንድ ነገር አገኙ ማለት ነውና ደስ ይለኛል።

ዶን እከሌ የሰባ ሦስት ዓመት ሰው ናቸው። አርባ ዓመት በአንድ ሆቴል ምድር ቤት አንሶላ ሲተኩሱ ኖረዋል፤ እስከዚህ ዓመት ድረስ በስማቸው የተመዘገበው ትልቁ ጥፋት ለሠርጋቸው ሁለት ሰዓት አርፍደው መድረሳቸው ነው፤ እሱንም ቢሆን ሚስታቸው እንጂ ፖሊስ አልመዘገበውም። እኚህን አደገኛ ሰው ለመያዝ በጁን ወር ሁለት መኪናና ሦስት ፖሊሶች ላኩልን። እኔ በመስኮቴ ሆኜ አንድም ቃል ሳያመልጠኝ ሰማሁ።

«አባት፣ ይነሱ እንጂ። መንገድ ዘግተዋል» አላቸው ወጣቱ ፖሊስ።

«ማን ሊያልፍ ፈልጎ ነው?» አሉ ዶን እከሌ፣ የያዟቸውን የዶሚኖ ጠጠሮች በመዳፋቸው ሸፍነው።

«ማንም ይለፍ ማን፣ ወደ ቤትዎ ይግቡ።»

«ቤት ሚስቴ አለች።»

«ታዲያ ምን ችግር አለው?»

«አላገባህም መሰለኝ፣ ልጄ።»

ይህን ጊዜ ሌሎቹ ሦስት ሽማግሌዎች ሳቁ፤ ሳቁ ሁኔታውን አላሻሻለውም። ወጣቱ ፖሊስ ፊቱ ቀልቶ፣ የተቀመጡበት ሳጥን የማን እንደሆነ ጠየቃቸው። «የወተት» ብለው መለሱ፤ ከዚህ የበለጠ እውነተኛ ቃል ለፖሊስ ተሰጥቶ አያውቅም። በዚህም መሠረት አንዱ ክስ የእግረኛ መንገድ መዝጋት፣ ሁለተኛው ክስ የወተት ድርጅት ንብረት ይዞ መገኘት ሆኖ ተጻፈላቸው፤ ሳጥኑም ለማስረጃ ተወሰደ። ዶን እከሌ በቆሙበት ቀሩ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሌላኛው ፖሊስ ለምን መንገድ ላይ እንደቆሙ ጠየቃቸው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው እንዲህ ያለውን ጀግንነት ለማያውቅ ሰው ነው፤ እኛ ግን በዓይናችን አይተናል።

ሁለተኛ፤ ጎረቤቴን ኤርሜሊንዳን ስላስተናገዷት መስተንግዶ አመሰግናለሁ። በሜይ ወር አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቦርሳዋን ነጥቀው ሮጡባት። እርስዎ በምድር ቤቱ ስብሰባ «ትንሽም ብትሆን አመልክቱ» ብለው ስለነበር ጣቢያ ሄዳ አመለከተች። ስሟ ማሽን ውስጥ ሲገባ፣ ባለፈው ዓመት ውሻዋን ያለ ማሰሪያ በማንሸራሸሯ የተጻፈባት፣ እሷም የረሳችው አንድ የክስ ወረቀት ብቅ አለ። ወንበር ሰጧት፤ ወንበሩ ግን ፍርግርጉ ውስጥ ነበር። ከጠዋት ሦስት ሰዓት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተቀምጣ ተለቀቀች። ቦርሳው እስከ ዛሬ አልተገኘም። ውሻውን ግን አሁን በሁለት ማሰሪያ ነው የምታወጣው፤ ስለዚህ ወንጀል ቀንሷል ማለት ይቻላል።

ክቡር ካፒቴን፣ ይህን ታሪክ እርስዎ ረስተውት ይሆናል። ጎዳናችን ግን አልረሳውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣቢያ መሄድ ማለት ራስን ማስረከብ እንደሆነ ከአሮጊት እስከ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል።

ሦስተኛ፤ ስለ ፍርድ ቤቱ። ይህ የእርስዎ መሥሪያ ቤት አይደለም ይሉኛል፤ ወረቀቱን የጻፈው ግን የእርስዎ ፖሊስ ነውና ምስጋናውን ይካፈሉት። እኛ ፖርቶ ሪኮዎች ሁለት የቤተሰብ ስም እንይዛለን፤ መጀመሪያ የአባት፣ ቀጥሎ የእናት። እኔ አሮዮ ሳንታና ስባል አሮዮ አባቴ ናቸው፣ ሳንታና እናቴ። ሰው አጭር ስም ከፈለገ በአባቴ ይጠራኛል። ወጣቱ ፖሊስ ግን የመጨረሻው ስም ዋናው ነው ብሎ ዶን እከሌን በእናታቸው ስም ብቻ ጻፋቸው።

ዶን እከሌ የቀጠሯቸው ዕለት ባለ አራት ኪሱን ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ፂማቸውን ተላጭተው፣ ችሎቱ ከመከፈቱ አንድ ሰዓት አስቀድመው ደረሱ። ሁለት መቶ ሰው ባለበት አዳራሽ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ጆሯቸውን አቁመው ጠበቁ። ጸሐፊው የእናታቸውን ስም ሦስት ጊዜ ጠራ። ዶን እከሌ አጠገባቸው ወደተቀመጠው ሰው ጠጋ ብለው፣ «እንዴት ያለ ቸልተኛ ሰው ነው እባክህ? በቀጠሮው ቀን እንኳ አይመጣም?» አሉት። ዳኛው በቀረው ሰው ላይ የእስር ማዘዣ ሲያወጡም፣ የሚገባውን አገኘ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እስከ ምሳ ሰዓት የሚጠራቸው ሲያጡ፣ ነገሬን ንቀው ትተውታል ብለው ዳቦ ገዝተው እየዘፈኑ ቤታቸው ገቡ።

ማዘዣው በፖስታ የደረሳቸው ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ነው። ያን ዕለት እኔ ቤት መጥተው ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና፣ «ዶኛ ፕሮቪ፣ ያ የቀረው ሰውዬ እኔ ነኝ» አሉኝ። ሳቅሁ፤ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፈው በደረት ኪሳቸው ሲደብቁት ሳይ ሳቄን ተውኩት። በሰባ ሦስት ዓመታቸው ፖሊስ የሚፈልጋቸው ሰው ሆኑ፤ በዚያች ወረቀት ምክንያት ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ እንኳ ጣቢያዎ ባለበት ጎዳና ማለፍ ትተው በጀርባ መዞር ጀመሩ።

አራተኛ፤ አሁን ወደ ትልቁ ነገር ደረስን። ጁላይ 24 ቀን፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐይዋ አስፋልቱን ስታፈላ፣ የእግረኛ መንገዳችን ልክ እርስዎ እንደሚወዱት ሆኖ ነበር። ሳጥን የለም፣ ጣውላ የለም፣ የሚጮህ ሽማግሌ የለም። ፊቱን በጨርቅ የሸፈነ አንድ ሰው የብረት መፍቻ ይዞ ራዳሜስ ሱቅ ገባ። የራዳሜስን ክንድ ሰበረው፤ ግንባሩን ስምንት ቦታ ተሰፋ። ሰውዬው ሲወጣ መንገድ የሚዘጋበት ሰው ስላልነበረ በሰፊው መንገድ ተዝናንቶ ወደ መኪናው ሄደ።

ቀድሞ በዚያ ሰዓት ከበሩ አምስት እርምጃ ላይ ስምንት ዓይን ነበር። ስምንቱን ዓይን እርስዎ ወደ ቤት አስገቧቸው። ስድስቱ ከሰዓት በኋላ ይተኛሉ። ሁለቱ ግን የዶን እከሌ ዓይኖች ናቸው፤ ከሱቁ ትይዩ አንደኛ ፎቅ መስኮታቸው ላይ ክርናቸውን ተደግፈው፣ በቤታቸው ያለችውን ሚስታቸውን ሽሽት መንገዱን ያያሉ። ሰውዬው መኪናው አጠገብ ቆሞ ጨርቁን ከፊቱ አውርዶ ላቡን ሲጠርግ አዩት። ታርጋውንም አዩት።

ዶሚኖ የማያውቅ ሰው ጨዋታው ጠረጴዛ መደብደብ ብቻ ይመስለዋል። ጠጠሮቹ ሃያ ስምንት ናቸው፤ ደህና ተጫዋች ማን የትኛውን እንደጣለ፣ ማን የትኛውን ደብቆ እንደያዘ በጭንቅላቱ ይዞ ነው የሚጫወተው። ዶን እከሌ ባለፈው ገና የተጫወቱትን ጨዋታ ከመጀመሪያው ጠጠር እስከ መጨረሻው ዛሬ ይነግሩዎታል፤ የልጆቻቸውን ልደት ግን ካልተነገራቸው አያውቁም። ያንን ታርጋ አንድ ጊዜ አይተውታል፤ አንድ ጊዜ በቂያቸው ነው። ቁጥሩን ለማንም አልተናገሩም፣ ለእኔም ጭምር። «በእጅሽ ያለውን ጠጠር ለጎረቤት አታሳይም፤ ይሄ የሚጣለው ለሚመለከተው ሰው ነው» ይሉኛል።

የሚመለከተው ሰው እርስዎ ነዎት። ስለዚህ እኔ እንደ ኮሚቴ ጸሐፊነቴ ሐምራዊ ባርኔጣዬን ደፍቼ ጣቢያዎ መጣሁ። በነገራችን ላይ የመግቢያ በርዎ መስታወት ተሰንጥቋል፤ በፕላስተር ተለጥፎ ሳየው ይኸው ከፌብሩዋሪ ወዲህ ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። ለማንም አልናገርም፤ ወሬው ከተሰማ ሌሎቹን መስታወቶች መስበር የሚያምረው ሊኖር ይችላል።

ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠውን ሳጅን፣ ያየ ሰው አለ፣ ነገር ግን አንድ ትንሽ ወረቀት አለበት አልኩት።

«ምን ዓይነት ወረቀት?»

«የወተት ሳጥን።»

ሳጅኑ አልሳቀም። «እሜቴ፣ ያየው ሰው ራሱ መታወቂያውን ይዞ ይምጣ። ስሙ ይገባል። ማዘዣ ካለበት ማሽኑ ይናገራል፤ ማሽኑ ከተናገረ እኔ ዝም ማለት አልችልም» አለኝ። መልካም ሰው ይመስላል፤ ልጆቹን በፎቶ አሳይቶኛል።

እንግዲህ ክቡር ካፒቴን፣ ዝም ያለው ማን እንደሆነ ይፍረዱ። የሰፈሩ ሰው ሊናገር ይፈልጋል፤ ማሽንዎ ደግሞ ቀድሞ ይናገርበታል።

ይህ ለጨዋታ የተነሳ ነገር ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩልዎት ነበር። ራዳሜስ ፖላንኮ ሱቁን በወሩ መጨረሻ ሊዘጋ ነው። ከባንኮኒው ጀርባ ባለው ሰሌዳ ላይ የአርባ አንድ ቤት መለዋወጫ ቁልፍ በየሚስማሩ ተሰቅሏል፤ ሰው ቁልፉን ቤት ውስጥ ረስቶ ሲቆለፍበት፣ አሮጊት ታማ በሯን መክፈት ሲያቅታት፣ የሚሮጠው ወደ ራዳሜስ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት አንድ ቁልፍ ጠፍቶ አያውቅም። ባለፈው ሰኞ ለአይብ ገብቼ በአንድ እጁ ሲቆርጥልኝ እንዲህ አለኝ፦

«ዶኛ ፕሮቪ፣ ሰውዬው ቅዳሜ መጥቶ ነበር።»

«የቱ ሰውዬ?»

«ያ ነው እንጂ። ፊቱን በዚያን ቀን አላየሁትም፤ ድምፁ ግን እሱው ነው። ሲጋራ ገዛ። ሲወጣ ዞር ብሎ ‹ክንድህ እንዴት ሆነልህ?› አለኝ። ለፖሊስ ምን ልበላቸው? ድምፅ ታርጋ የለው።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?»

«ሚስቴ ዝጋው ብላለች። ቁልፎቹን ለየባለቤቱ መመለስ ጀምሬያለሁ።» ይህን ብሎ የእኔን ቁልፍ ከሚስማሩ አውርዶ ከአይቡ ጋር ሰጠኝ። ያን ቁልፍ ይዤ ደረጃ ስወጣ፣ አላፍርም እናገራለሁ፣ አለቀስኩ።

አምስተኛ፤ ይህን ቁጥር መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ሌላውን ሁሉ ዘርዝሬ ይህን ብተው ደግ አይደለም። በማርች ወር ከስብሰባው በኋላ ለጣቢያዎ ሦስት አቤቱታ ያስገባሁት እኔ ነኝ። አንዱ ስለ መብራቱ፣ አንዱ ስለ ተቃጠለው መኪና፣ ሦስተኛው ግን «ከቀትር በኋላ የእግረኛ መንገድ ላይ ስለሚደረግ ጫጫታ» ይል ነበር። ጠጠሩን ጣውላው ላይ ሲያጮሁት የከሰዓት እንቅልፌን ስለሚነሱኝ ነበር። ፖሊስ እንዲመጣ ፈልጌ ነበር፤ መጥቶ «ቀስ ብላችሁ ተጫወቱ» እንዲላቸው። እርስዎ ግን የለመንኩትን አብዝተው ሰጡኝ። አሁን ከሰዓት በኋላ ጸጥታው እንቅልፍ ይነሳኛል። ለዶን እከሌ ይህን ስናዘዝላቸው፣ «ፊርማሽን አይቼዋለሁ፣ የእጅ ጽሕፈትሽ ያምራል» ብለውኝ ነገሩን በዚሁ ዘጉት።

ትንሹን ጥፋት መቆጣጠር ትልቁን ይከላከላል ወይ ብለው ቢጠይቁኝ፣ አላውቅም እልዎታለሁ። መብራቱን ሳይ ይከላከላል እላለሁ፤ የራዳሜስን ክንድ ሳይ አፌን እይዛለሁ። የማውቀው የራሴን ሙያ ነው። የተተረተረ ኮሌታ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የትኛው ክር የተበላሸ፣ የትኛው ክር ደግሞ ልብሱን የያዘ እንደሆነ በጣቴ እፈትሻለሁ፤ ሁለቱም ከላይ ሲታዩ ተንጠልጥለው ነው። የእርስዎ ፖሊሶች መቀስ ይዘው የተንጠለጠለውን ሁሉ ይቆርጣሉ፤ ካፖርቱም ንጹሕ ሆኖ ለሁለት ይከፈላል። ያ መንገድ ላይ የሚንጫጫው የዶሚኖ ጠረጴዛ አንድ ደመወዝ የማይከፈለው የጥበቃ ቤት ነበር፤ በሩብ ዓመት ሪፖርትዎ ላይ ግን እንደ ጠፋ ጥፋት ተቆጥሮ ይሆናል።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው። ስለ ራዳሜስ ሱቅ ሊመሰክር የሚመጣ ማንኛውም ሰው በሳጥን፣ በውሻ ወይም በጣውላ ምክንያት እዚያው እንደማይያዝ በፊርማዎ አስረግጠው አንዲት መስመር ይጻፉልን። ስሙን ያን ጊዜ እነግርዎታለሁ። ይህን ደብዳቤ በቤተ ክርስቲያኑ በር፣ በፀጉር አስተካካዩ መስታወትና በሰፈራችን ጋዜጣ ላይ ማውጣቴ እርስዎን ለማሳጣት እንዳልሆነ ይረዱልኛል ብዬ አምናለሁ። ሰፈሩ አይናገርም ብለው ስላዘኑ ልናጽናናዎት ብለን ነው።

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና፣ ለበርዎም መስታወት ይስጥልኝ እያልኩ፣ ከእግረኛው መንገድ ተነሥታ፣ ወደ ውስጥ ገብታ፣ መስኮቷን ዘግታና መጋረጃዋን ጋርዳ ሥርዓት ከማስከበር ሥራዎ ፈቀቅ የማትለው፣

ታዛዥ ጎረቤትዎ
ፕሮቪደንሲያ አሮዮ ሳንታና
የተከራዮች ኮሚቴ ጸሐፊ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ይህን ደብዳቤ ወደ ማባዣው ከመውሰዴ በፊት ለዶን እከሌ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ «እከሌ ማነው?» አሉኝ። ዘራፊው እንዳያውቃቸው፣ እርስዎም እንዳይዟቸው ብዬ እንደሆነ ነገርኳቸው።

«ዶኛ ፕሮቪ» አሉኝ፣ «እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ስሜን ግማሹን ሲቆርጡት፣ ግማሹን ሲያዞሩት ኖረዋል። አሁን ደግሞ አንቺ ጠቅልለሽ ወሰድሽው?» እስክሪብቶዬን ተቀብለው እዚህ በራሳቸው እጅ ጻፉ፦ ኡሴቢዮ ማቶስ ኪኞኔስ።

የእርስዎን መስመር ሲጠባበቁ ራዳሜስ ሱቁን እንዲዘጋ አይፈልጉም። ነገ ጠዋት በአራት ሰዓት ጣቢያዎ ይመጣሉ። ሚስታቸው ነጩን ሸሚዝ ተኩሳላቸዋለች፤ በላስቲክ ከረጢት የጥርስ ብሩሽና የደም ግፊት ክኒናቸውን አሰናድተዋል፤ እንደሚታሰሩ አልተጠራጠሩም። ይህ ደብዳቤ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲለጠፍ እሳቸው ከሳጅኑ ጠረጴዛ ፊት ቆመዋል። እባክዎ መታወቂያቸውን ከመጠየቅዎ በፊት የታርጋውን ቁጥር ይጻፉ። ከትንሹ መጀመር ልማድዎ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገ አንድ ቀን ብቻ ከትልቁ ይጀምሩ።